ስለ ዳኛና ስለ ትልቅ ቡድን ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባህር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት የሚገባ ሰው ይህን ክርክር በደንብ ያውቀዋል። ትልቁ ቡድን ፔናሊቲ ሲሰጠው ግማሹ ቤት ይጨፍራል፣ ግማሹ «ድሮስ!» ይላል። ጥርጣሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ዳኞች ስም ላለው ቡድን ትንሽ ያዘነብላሉ ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃም አለው። ችግሩ አከራከራችን ላይ ነው። እውነተኛውን አድልዎ ትተን ሌላ ሌላውን ስንጯጯህ እናመሻለን።

«ተገዝቷል» ብሎ መጀመር

ማድላትና መገዛት ለየቅል ናቸው። የተገዛ ዳኛ የለም አልልም። ግን ጉቦ ሁልጊዜ ለትልቁ ቡድን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን ዋንጫ ሮበርት ሆይዘር የሚባል ዳኛ ከአቋማሪዎች ገንዘብ በልቶ ባጫወተው ጨዋታ ትንሹ ፓደርቦርን ሃምቡርግን 4 ለ 2 አሸነፈ። ሆይዘር በኋላ እስር ተፈርዶበታል። በጣሊያን ደግሞ በ2006 ዩቬንቱስ ወደ ሴሪ ቢ የወረደው የክለቡ ሰዎች ከዳኛ መዳቢዎች ጋር በነበራቸው ግንኙነት ነው። እነዚህ በምርመራ የወጡ ጉዳዮች ናቸው። እኛ ግን ምንም ሳንይዝ «ተገዝቷል» ስንል ክርክሩ እዚያው ላይ ይሞታል። አብዛኛው አድልዎ ዳኛው ራሱ ሳያውቀው የሚያደርገው ነው፤ ለዚያም ነው ከባድ የሚሆነው።

ትልቅ ቡድንንና ባለሜዳን መቀላቀል

ለእኔ ዋናው ስህተት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ የወጣ አንድ ጥናት 40 ዳኞችን ሊቨርፑል በሜዳው ከሌስተር ጋር የተጫወተውን ጨዋታ በቪዲዮ አሳያቸው። 47 ንክኪዎች ነበሩ። ከፊሎቹ ዳኞች የደጋፊውን ድምፅ እየሰሙ፣ ከፊሎቹ ድምፁ ጠፍቶ አዩት። ጩኸቱን የሰሙት በሊቨርፑል ላይ የሰጡት ጥፋት በ15.5 በመቶ ያነሰ ነበር። ቪዲዮው አንድ፣ ሕጉ አንድ፤ ልዩነቱ ጆሮ ላይ ነው። በስፔን ሊግ ላይ የተሠራ ጥናትም ባለሜዳው በአንድ ጎል ሲመራ ዳኞች የባከነ ሰዓት እንደሚያሳጥሩ፣ በአንድ ጎል ሲመራበት ደግሞ እንደሚያስረዝሙ አሳይቷል። በ2020 በኮሮና ምክንያት ስታዲየሞች ባዶ ሲሆኑ ባለሜዳዎች በካርድ ያገኙት የነበረው ጥቅም በእጅጉ ቀነሰ።

ትልቅ ክለብ ብዙ ደጋፊ አለው። ስለዚህ «ለስሙ አደላ» የምንለው ብዙ ጊዜ ለጩኸቱ ያደላው ነው። ይህ እኛንም ይመለከታል። የባህር ዳር ስታዲየም ሞልቶ ለክለባችን ለባህር ዳር ከተማ፣ ለጣና ሞገዶቹ፣ ስንጮህ ጫናው የሚያርፈው በዚያ ዳኛ ላይ ነው፤ ያኔ ትልቁ ቡድን እኛ ነን። ፕሪምየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦችን በአንድ ከተማ እየሰበሰበ ሲካሄድ ደግሞ ባለሜዳ የሚባለው ስም ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። «ለአዲስ አበባ ክለብ አደሉ» ከማለታችን በፊት ጨዋታው የት ነበር? በዕለቱ የማን ደጋፊ በዛ? ብለን እንጠይቅ።

ሕጉን ሳያውቁ መፍረድ

ፓፒረስ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አጥቂው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ብቻውን ከግብ ጠባቂው ጋር ሊገናኝ ሲል ተከላካዩ ተንሸራቶ ኳሷን ሊነጥቅ ሞከረ፤ ስቷት እግሩን መታው። ዳኛው ፔናሊቲና ቢጫ ሰጠ። አንዱ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፦ «የመጨረሻ ሰው ነው እኮ! ቀይ ነው! ትልቅ ቡድን ስለሆነ ነው!» ቤቱ በሙሉ አብሮት ጮኸ። ዳኛው ግን ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ጥፋት የሠራ ተከላካይ ኳሷን ለመጫወት እስከሞከረ ድረስ ከፔናሊቲው ጋር ቢጫ ነው የሚያየው። ማልያ ቢጎትት ወይም ቢገፋ ቀይ ይሆናል። «ኳሷን ቀድሞ ነክቷል» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ኳስ መንካት ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ አገባቡ ግድየለሽ ከነበረ ጥፋት ነው።

ፔናሊቲ ብቻ መቁጠር

ማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) በ2019/20 የውድድር ዘመን 14 ፔናሊቲ አገኘ፤ በፕሪምየር ሊግ ታሪክ ክብረ ወሰን ነው። ይህ ብቻውን አድልዎን አያሳይም። ሳጥን ውስጥ ደጋግሞ የሚገባ ቡድን ደጋግሞ ይጠለፋል። ሌስተርም ዋንጫ በበላበት ዓመት 13 አግኝቷል፤ ያኔ ማን ትልቅ ይለው ነበር?

ትክክለኛው ጥያቄ ተመሳሳይ ንክኪ ሲፈጠር ለማን ተሰጠ፣ ማን ተከለከለ የሚለው ነው። በ2020 የወጣ አንድ የኖርዌይ ጥናት ይህንኑ አደረገ። ባለሙያዎች አከራካሪ ሁኔታዎችን አንድ በአንድ መረመሩ። ውጤታማ ቡድኖች የማይገባቸውን ፔናሊቲ የማግኘት ዕድላቸው ከተጋጣሚያቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

«ዞሮ ዞሮ ይካካሳል» ማለት

አይካካስም። በዘፈቀደ የሚሠራ ስህተት ይካካሳል፤ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። በቫር (በቪዲዮ ረዳት ዳኛ) ያልቃል የሚሉም አሉ። ቫር በዋናነት የሚያየው ጎል፣ ፔናሊቲ፣ ቀጥታ ቀይ ካርድና የተጫዋች ማንነት ስህተትን ነው። መሐል ሜዳ ላይ የሚሰጡትን ትንንሽ ጥፋቶችና የመጀመሪያ ቢጫዎችን አይነካም፤ ጨዋታውን የሚያዘነብሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

የሰፈር ዳኛን መርሳት

የክረምት ውድድር ላይ ፊሽካ የሚይዘው ልጅ ረዳት ዳኛም ሆነ ካሜራ የለውም። ደጋፊው መስመሩ ላይ ቆሞ ጆሮው ሥር ይሰድበዋል። በአንፊልድ (በሊቨርፑል ሜዳ) ድምፅ፣ ያውም በቪዲዮ፣ የሰለጠነ ዳኛ ከተንገዳገደ ይህ ልጅ ምን ያድርግ? ብዙ ሰው ያለው ሰፈር ቡድን ሁሌም የሚጠቀመው ለዚህ ነው። ውድድር የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመስመሩ ወዲህ ገመድ አስሩ። ዳኛውን ከሦስተኛ ሰፈር አምጡ። አበሉንም ጨዋታው ሳይጀመር ስጡት።