በውሻና በድመት ምግብ ላይ ትኩስ ሥጋና አትክልት ሲጨመር፦ ልኩ፣ አበሳሰሉና የሚያሳስተው

የተመጣጠነ ደረቅ ምግብ የሚበላ ውሻ ወይም ድመት ቤት የበሰለ ሥጋና አትክልት ቢጨመርለት ይጠቀማል፤ ጥቅሙ ግን ልኩን ካላለፈ ብቻ ነው። ልኩ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ ነው። ከዚያ ካለፈ የተመጣጠነው ይዛባል፤ ሥጋ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም ግን እጅግ ያነሰበት ስለሆነ በተለይ የቡችላ አጥንት ይጎዳል።

10 ኪሎ የሚመዝን፣ የተኮላሸ ጎልማሳ ውሻ በቀን 600 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። 10 በመቶው 60 ካሎሪ ነው፦ 35 ግራም ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ የዶሮ ደረት ማለት ነው። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ደግሞ በቀን 220 ካሎሪ አካባቢ ስለሚበቃት ድርሻዋ 13 ግራም ሥጋ ነው፤ የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክል ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ይህቺን ብቻ?» ይላል። አዎ፣ ይህቺን ብቻ። በዓይን ግምት ሳይሆን በወጥ ቤት ሚዛን ይለካ።

ሁሉም የሚረሳው መቀነሱን ነው። 60 ካሎሪ ከተጨመረ ከደረቁ ምግብ ከ15 እስከ 17 ግራም ይነሳል፤ ለድመቷ 6 ግራም ገደማ። ይህ ካልተደረገ እንስሳው ቀስ በቀስ ይወፍራል፤ ጥፋቱም በደረቁ ምግብ ይሳበባል። በየሁለት ሳምንቱ ጎኑን ዳሰስ አድርጉ፦ ጎድኑ ሳይጫኑት በጣት ሊቆጠር ይገባል።

አበሳሰሉ ቀላል ነው። ግማሽ ኪሎ የዶሮ ደረት ድስት ውስጥ አድርጉ፤ ሥጋውን ሁለት ጣት ያህል የሚያልፍ ውሃ ጨምሩበት። ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አብስሉ። መሐሉ ሲቆረጥ ሮዝ መልክ ሊኖረው አይገባም፤ ቴርሞሜትር ካለ 74 ዲግሪ ሴልሲየስ ይድረስ። ጨው፣ ቅመም፣ ዘይት አይገባም። መረቁን አትድፉት፤ ሲቀዘቅዝ ከላይ የሚረጋውን ስብ አንሡና በደረቁ ምግብ ላይ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አፍስሱበት። ድመት በአብዛኛው በራሷ ብዙ ውሃ አትጠጣም፤ ስለዚህ ከሥጋው ይልቅ የሚጠቅማት ይህ መረቅ ነው። ሥጋውን ለውሻ አተር አሳክላችሁ ቁረጡ፣ ለድመት በጣት ቃጫ ቃጫውን ለያዩ። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ የቀረው በበረዶ መሥሪያ ትሪ እየተከፋፈለ ፍሪዘር ይግባ።

ለውሻ ካሮት፣ ዱባና ፎሶሊያ ጥሩ ናቸው፤ ካሎሪያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ለወፈረ ውሻ ከሥጋ ይሻላሉ። ጥሬ ካሮት በትልቁ ተቆርጦ ከተሰጠ እንደገባ በኩሱ ይወጣል፤ ወይ በደንብ ይቀቀል፣ ወይ በደቃቁ ይፈቅፈቅ። እ.ኤ.አ. በ2005 በስኮቲሽ ቴሪየር ዝርያ ላይ በወጣ ጥናት፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ጊዜ አትክልት ይሰጣቸው በነበሩት ውሾች ላይ የፊኛ ካንሰር አነስ ብሎ ታይቷል። ጥናቱ የአንድ ዝርያ ከመሆኑም በላይ ባለቤቶች በሰጡት መልስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አትክልት ካንሰር ይከላከላል ብሎ ማወጅ አይቻልም።

ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም። ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን ኤ መለወጥ አትችልም፤ ታውሪን የተባለውንም ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ልቧና ዓይኗ ይጎዳሉ። የልቡ ጉዳት ከታውሪን እጥረት ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ታውሪን ሲቀቀል ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን የማትደፉበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ጉበት ትወዳለች፤ ሆኖም በየቀኑ ከተሰጣት ቫይታሚን ኤ ተጠራቅሞ የአንገቷን አጥንቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት በምንም መልኩ አይገቡም። ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ዱቄቱም ሆነ የተቀቀለበት መረቅ ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ድመት ደግሞ ከውሻ ይልቅ ትጎዳለች። ድዱ ነጣ ያለ፣ ሽንቱ የጠቆረ እንስሳ ቀናት ሳይቆጠሩ ሐኪም ይየው። ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት በድንገት ሊያቆሙ ይችላሉ። ቸኮሌት፣ ያልተጋገረ የእርሾ ሊጥ፣ እንዲሁም ስኳር አልባ ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል ክልክል ናቸው። የበሰለ አጥንት እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ጨርሶ አይሞከር። ጥሬ ዓሣም አንዳንዱ ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያጠፋ መብሰል አለበት።

አጀማመሩ ለውሻ በአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለድመት በሩብ ማንኪያ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ ጨምሩ፤ ከ7 እስከ 10 ቀን እያሳደጋችሁ ወደ ሙሉው ልክ ድረሱ። ሁለት አዲስ ነገር አብሮ ከገባና ተቅማጥ ከመጣ የትኛው እንዳመጣው አይታወቅም። ኩሱ ከላላ አንድ እርምጃ ተመለሱ፤ ትውከት ካለበት ወይም ደም ካያችሁ ጨርሶ አቁሙና ሐኪም ጥሩ። የኩላሊት፣ የቆሽት፣ የስኳር ወይም የፊኛ ጠጠር ሕመም ያለበት እንስሳ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አይጀመርለት።

ከፍሪጅ የወጣ ምግብ ለድመት ሽታ የለውም፤ ለብ ብሎ ሲቀርብ ትቀርበዋለች። ሳህን ላይ 2 ሰዓት የቆየውን ድፉ። ከነጭራሹ እምቢ ካለች ደግሞ «ሲርባት ትበላለች» ብላችሁ አታስርቧት፤ በተለይ ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ትታመማለች። የቀድሞውን ምግብ መልሱላት፤ 24 ሰዓት አልፏት ምንም ካልቀመሰች ለሐኪም ደውሉ።