ልጃችሁ ጊኒ ፒግ ግዙልኝ ካለ

የ6 ዓመት ልጄ ስልክ ላይ ቪዲዮ አይታ ሃምስተር (አይጥ የመሰለ ትንሽ የቤት እንስሳ) ካልገዛሽልኝ ብላ አንድ ወር ሙሉ ጨቀጨቀችኝ። አማቴ ሲሰሙ "ኧረ በአላህ! እኛ ድመት አሳድገን የምናባርረውን እናንተ በብር ልትገዙት?" አሉ። አሁን ሁለት ጊኒ ፒጎች (ከሃምስተር የሚበልጡ፣ ጭራ የሌላቸው የአይጥ ዘመዶች) አሉን። ደሴ ላይ ሆናችሁ ይሄ ጥያቄ ከመጣባችሁ አብሽሩ፣ ይቻላል።

መጀመሪያ ሃምስተሩን እርሱት። ያምራል፤ ግን ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይሮጣል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ስትቀሰቅሰው ደግሞ ይነክሳል። ዕድሜውም 2 ዓመት፣ ቢበዛ 3 ነው። በዚያ ላይ የደሴ ብርድ አለ። ሃምስተር በጣም ሲበርደው ትንፋሹ እስከማይታይ ድረስ ስለሚደነዝዝ ሞቷል ተብሎ በቁሙ ሊቀበር ይችላል። ያንን ለልጅ ማስረዳት አልፈልግም።

ጊኒ ፒግ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፣ ቀን ላይም ይነቃል፣ ብዙም አይናከስም። ጎመን ሲከተፍ ሰምቶ ያፏጫል! ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ስለዚህ "የልጄ ነው" ብላችሁ አትግዙት፣ የእናንተ ነው። ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል፤ ሳጥኑን የምታጸዱት እናንተ ናችሁ።

ብቻውን ስለማይሆንለት ሁለት ይሁኑ፣ ሁለቱም ሴት ወይም ሁለቱም ወንድ። የእኛዎቹ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጭነው ሲመጡ ሻጩ ሁለቱም ሴት ናቸው ብሎ ምሎ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ክዳኑን ብከፍት ፀጉር ያበቀሉ፣ ዓይናቸው የተገለጠ ሦስት ግልገሎች ይሯሯጣሉ። ለዘመድ አዝማድ አከፋፈልናቸው፣ አባትየውንም ለብቻው ሳጥን ሠራንለት። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩ፤ የእንስሳት ሐኪም ቢያይላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሳጥኑን አናጢ ጋር አሠሩት። ለሁለት ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 በ60 ሳንቲም ይሁን። ወለሉ ሽቦ ከሆነ እግራቸው ይቆስላል። ሰጋቱራ በነፃ ታገኙ ይሆናል፤ ግን ያ ሽታው ደስ የሚለን የጥድ ሰጋቱራ ለሳንባቸው መጥፎ ነው። እኔ አሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጬ አነጥፋለሁ፣ በየሁለት ቀኑ አጥባለሁ። የሚመቻቸው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ስለሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በረንዳ ላይ እንዳታሳድሯቸው፤ ከመስኮት የራቀ የሳሎን ጥግ ይበቃል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ፍራቻችሁ ሙቀት ይሁን። ላብ ስለማያወጡ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጎዳሉ፣ በተለይ ቆርቆሮው ሲግል።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዋናው ድርቆሽ (የደረቀ ሣር) ነው፣ ቀንም ሌሊትም ከፊታቸው አይጥፋ። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ የሚሞረደው ድርቆሽ ሲያኝኩ ነው። ጭድ ለመኝታ ይሁን እንጂ ድርቆሽን አይተካም። እንደኛው ቫይታሚን ሲ ሰውነታቸው መሥራት ስለማይችል በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለባቸው፤ ሰኞ ገበያ ስወጣ የማያቃጥል ቃሪያና ጎመን እይዛለሁ። አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ ድንች በፍጹም። እንጀራም አይደረግም፣ አማቴ ግን እስካሁን በድብቅ ይሞክራሉ።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ፦ አስነጠሰ ብላችሁ ከቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን እንዳትሰጡት። ለእኛ መድኃኒት ነው፤ የእነሱን ግን የሆድ ባክቴሪያ አበላሽቶ በቀናት ውስጥ ይገድላቸዋል። ግማሽ ቀን ምግብ እምቢ ካለም ነገ አትበሉ፣ ሐኪም ፈልጉ።

ልጅ መሬት ቁጭ ብላ ነው የምትይዘው። አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ አንዱ ከቂጡ ሥር። ቆማ ከያዘችው ከወደቀ አጥንቱ ይሰበራል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጎመን ያብላ እንጂ አያንሳ። ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ጭርትም ሊያጋቡ ስለሚችሉ ፀጉራቸው ሲረግፍ ካያችሁ ልጁን አርቁ።

ክዳኑ ደግሞ መቀርቀሪያ ያለው ወፍራም ሽቦ ይሁን። የጎረቤት ድመት በመጀመሪያው ሌሊት መጥታለች።