በውክፔዲያ ላይ የሚነሣን ክርክር እንዴት ማርገብ ይቻላል?

ስለ ሰሜን ሸዋ የተጻፈ የውክፔዲያ ገጽ ሲያከራክር፣ አደራዳሪው አስቀድሞ የገጹን የለውጥ ታሪክ ከፍቶ ማን ምን እንደለወጠ ማየት ይኖርበታል፤ ጠብ የሚመስለው ነገር አንዳንድ ጊዜ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ብቻ ሆኖ ይገኛልና። ለምሳሌ ዳግማዊ ምኒልክ አንጎለላ የተወለዱበትን ዓመት አንዱ 1836፣ ሌላው 1844 እያሉ እርስ በርስ ቢሻሻሩ፣ የመጀመሪያው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ልክ ናቸው፤ መፍትሔው ሁለቱንም «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ብሎ ለይቶ ማስፈር ነው።

ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ ተከራካሪዎቹን ወደ ውይይት ገጹ ይምራቸው፤ እዚያም እያንዳንዱ ወገን ምንጩን ከነገጽ ቁጥሩ ያቅርብ። የደብረ ብርሃንን አመሠራረት ብንወስድ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን እንደ ተአምር መቀበላቸው የሚነገር ሲሆን፣ ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ ጸሐፊዎችም አሉ። አደራዳሪው አንዱን አይሰርዝም፤ የትኛው የማን አባባል እንደሆነ ተለይቶ እንዲጻፍ ያደርጋል እንጂ። በዚህ ከአገር ሽማግሌ ይለያል፤ ሽማግሌ ጥፋተኛውን ለይቶ ካሣ ሊያስከፍል ይችላል፣ አደራዳሪ ግን በታሪኩ ላይ ፍርድ አይሰጥም። «አያቴ ሲሉ ሰምቻለሁ» የሚለው ምስክርነት፣ መንዝ ውስጥ ምንም ያህል ቢከበር፣ በታተመ ምንጭ ካልተደገፈ ለገጹ አይበቃም፤ ይህን ለተናጋሪው በአክብሮት ማስረዳት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው።

መሻሻሩ ካልቆመ መጋቢ (ገጽ የመቆለፍ ሥልጣን የተሰጠው የውክፔዲያ ተሳታፊ) ገጹን ለጊዜው ሊቆልፈው ይችላል፤ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ለውጥ መሻርን ይከለክላል። አደራዳሪው ራሱ መጋቢ ሆኖ በክርክሩ ወገን ይዞ ከነበረ ግን የመቆለፉን ውሳኔ ለሌላ መጋቢ ይተው።