ባለ ሸራ ጀርባዎቹን እንዴት እንለያቸው?
ጀርባቸው ላይ ሸራ የመሰለ ክፍል ከነበራቸው ጥንታዊ እንስሳት የአንዱ አጽም ፎቶ ሲደርሰኝ ሸራውን ትቼ መጀመሪያ ጭንቅላቱን አያለሁ። ከዓይን ጉድጓዱ ኋላ ስንት ቀዳዳ አለ? ሁለት ከሆነ ከአዞና ከዳይኖሰር ወገን ነው፤ እንደ አሪዞናሳውረስ ያሉት ቴኖሳውሪሲዶች፣ ማለትም ባለ ሸራ የአዞ ዘመዶች፣ እዚህ ይገባሉ። አንድ ከሆነ እንደ ዲሜትሮዶን ወይም ኤዳፎሳውረስ ያለ ነው። እነዚህ ለእኛ ለአጥቢዎች ይቀርባሉ። እባካችሁ፣ ዲሜትሮዶንን ዳይኖሰር አትበሉት!

ጭንቅላቱ ከሌለስ? ከቴኖሳውሪሲዶች አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጀርመን የተገለጸው የቴኖሳውሪስከስ አጽም ጭንቅላት የለውም። ያኔ ከአከርካሪው ሽቅብ የወጡትን ዘንጎች ጠጋ ብላችሁ እዩ። የኤዳፎሳውረስ ዘንግ፣ ቅርንጫፉ እንደተመለመለ ግንድ፣ ግራና ቀኝ ጉጥ አለው። የዲሜትሮዶን ጉጥ የለውም፤ የተሰበረበት ቦታ ብዙ ጊዜ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያሳያል። እኔ ይህን ስብራት ሳላይ ስም አልሰጥም። የቴኖሳውሪስከስ ዘንግ ደግሞ ከጎን ጠፍጣፋ ነው፤ ወደ ጫፉም ይሰፋል።