ያለ ዩሪያ የጓሮ አትክልት፦ ከፍ ያለ መደብ እንዴት ይሠራል?

ቢቸናና ደጀን አካባቢ ጓሮ ያለው ሰው የጥቁሩን አፈር ጠባይ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ዳንግላና እንጅባራ በኩል ያለው ብዙው አፈር ቀይ ነው፣ አሲዳማነቱም ያስቸግራል። ለሁለቱም ከፍ ያለ መደብ ይሻላል፤ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ አፈሩንም እንደፈለጋችሁት ታዘጋጁታላችሁ።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው መደቡን ከሚከበው ጣውላ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ በዩሪያ ፈንታ አፈሩን የሚመግበውን ብስባሽ (ኮምፖስት) አዘጋጁ፣ ጣውላው አይጠፋም እላለሁ። ጊዜው መስከረምና ጥቅምት ነው። አረሙ ገና አረንጓዴ ነው፣ ዘር አልቋጠረም፣ መሬቱም እርጥበት አለው።

ክረምት ከሆነ መሬት ላይ ከምሩ፣ በጋ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ አድርጉት። ክረምት ላይ ጉድጓድ ከቆፈራችሁ ውሃ ይሞላውና ብስባሽ ሳይሆን የሚገማ ጭቃ ታወጣላችሁ። ከታች ቆረጥ ቆረጥ ያለ አገዳ ይነጠፋል። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ነገር (ጭድ፣ የደረቀ ሣር)፣ በላዩ አረንጓዴ ቅጠል፣ በላዩ ስስ አድርጎ እበት ወይም ፍግ፣ ከዚያ በእጅ የተበተነ አፈርና ጥቂት አመድ። ይሄው እየተደጋገመ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለአረንጓዴው ግራዋና ቢሳና ግሩም ናቸው። ግብጦ የሚዘራ ጎረቤት ካላችሁማ ገና ያልደረቀውን አገዳ ለምኑት፣ ናይትሮጅን አለው። የባህር ዛፍ ቅጠል ግን ይቅርባችሁ፣ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሌላውንም ያቀጭጫል። ኑግ ፋጉሎ ጥሩ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው፤ በዛሬ ዋጋ ግን ለላሟ ብትሰጡት ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፣ እርጥበቱ። ብዙ ክምር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከመሀል አንድ እፍኝ አውጡና ጭብጥ አድርጋችሁ ጭመቁት። ጠብ ጠብ የሚል ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ውሃው በጣቶቻችሁ መሀል ከወረደ በዝቷል፣ ገልብጡና ጭድ ጨምሩበት። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደግሞ ውሃ ጠምቶታል። እጅ ማስገባት ለማይወድ ሰው ዘንግ አለለት። ረዘም ያለ ደረቅ እንጨት እስከ መሀል ወግቶ መተው፣ ከቀናት በኋላ መዞ መንካት ነው። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ የሚከረፋ ከሆነ ደግሞ አየር ይፈልጋል። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ገልብጡት፣ የውጪው ወደ ውስጥ ይግባ። በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል፤ እንደ እንጅባራ ባለ ደጋ ግን ታገሱ።

መድረሱን በዓይን ብቻ አትመኑ። ጣሳ ላይ ብስባሹን ሙሉበት፣ ፌጦ በትኑበት፣ አጠጡት። ፌጦ ቶሎ የሚበቅል ነገር ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ከተነሣ ብስባሹ በስሏል። ካልወጣ ወይም ወጥቶ ከቢጫነት ካላለፈ ገና ነው፣ መልሱት። ጥሬ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ካሮቱንም እንደ መንሽ ቅርንጫፍ ያስወጣዋል፤ አንዳንድ ሰው «ዘሩ ነው» ብሎ ሻጩን ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የፍጉ ነው።

መደቡ ራሱ ቀላል ነው። ወርዱ ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ፣ ሳይረግጡት ከሁለቱም በኩል እጅ መድረስ አለበት። ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ፀሐይ የሚያገኝና ከባህር ዛፍ ሥር የራቀ ቦታ ምረጡ። ድንጋይ ካለ ድንጋይ ይሻላል፣ ምስጥ አይበላውም። ባህር ዛፍ ጣውላ ከሆነ ግን ምስጥ ፈርታችሁ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዳትቀቡት፤ ያለ ኬሚካል ላመርት ያለ ሰው አፈሩን በዘይት ከከበበው ምኑን ተረፈ? ከመደቡ ሥር ያለውን መሬት በዶማ አላሉት። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ለሆነ መደብ ሁለት በርሜል የላይኛው ለም አፈርና አንድ በርሜል ብስባሽ ይሞላዋል (በርሜሉ ባለ 200 ሊትሩ ነው)። አፈሩ ዋልካ ከሆነ አሸዋ ቀላቅሉበት።

ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም በችግኝ፣ ወደ ማታ ላይ ይተከላል። ካሮትና ቀይ ሥር እዚያው ይዘራሉ፣ ሲወጡ ይሳሳሉ። ጎመን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቲማቲም ከ50 በላይ አራርቁ። ቲማቲም በክረምት አልመክርም፣ ምች ይመታዋል። ክረምቱን ለጎመንና ለቆስጣ ስጡት፣ ቲማቲሙ በጋ ላይ በመስኖ ይምጣ። ከዚያ በችግኙ ዙሪያ ጭድ ጎዝጉዙ፣ ግንዱን ግን አይንካው። ጠዋት ጠዋት አጠጡ፤ ማጠጫ ከሌለ በምስማር የተበሳሳ ጣሳም ያው ነው።

ክሽክሽ (ቅጠል የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ) የሚደበቀው በጎመኑ ቅጠል ሥር ነው፣ ገልብጣችሁ እዩ። ጥቂት ከሆነ በጣት መጨፍለቅ፣ ከበዛ ለስለስ ያለ የሳሙና ውሃ ከተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጋር መርጨት ነው። መርጫውን ግን ከጎረቤት አትዋሱ። ጤፍ ላይ ቱ ፎር ዲ የረጨበት ከሆነ፣ መድኃኒቱ ቅጠለ ሰፊ አረም የሚገድል ስለሆነ ትንሽ ቅሪቱ እንኳ ቲማቲሙን ያጣምመዋል። ጭዱንም ስትገዙ ተረጭቶ እንደሆነ ጠይቁ።

ዶሮ ካላችሁ አጥር ግድ ነው፣ ችግኝ ከጎዘጎዛችሁት ጭድ ጋር አብራ ነው የምትጭረው። ጎመኑን ከታች በኩል እየቀነጠባችሁ ብሉ፣ ጫፉን ተዉት። ሲያረጅ ነቅላችሁ ቦታውን ለባቄላ ወይም ለሽንኩርት ልቀቁት፣ ከመትከላችሁ በፊትም አንድ ሁለት ባልዲ የበሰለ ብስባሽ ጨምሩበት።