የሞተር ማርሚታ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይገጠማል?

ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር ባሕር ዳር ሞተር የሚፈትን ዳገት የላትም። ስለዚህ ማርሚታ፣ ማለትም ጭሱ የሚወጣበትን ድምፅ ቀናሽ ቱቦ፣ ከመቀየራችሁ በፊት ምክንያታችሁን ለዩ። የድሮው ዝጎ ተበስቷል ወይስ ድምፅ አምሯችሁ ነው? «ጉልበት ይጨምራል» የሚላችሁን ብዙ አትመኑ። በ125 ወይም በ150 ሲሲ ሞተር ላይ ማርሚታ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ጆሮ ነው ጩኸቱን ጉልበት የሚያደርገው። እኔም ተሸውጃለሁ።

ወደ መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ ማርሚታው የሚሰካበትን ቱቦ የውጭ ስፋት በካሊፐር ለክታችሁ ሂዱ። በዓይን ግምት የተገዛ ትንሽ ከሰፋ ጭስ ያፍሳል። መያዣው ከፍሬሙ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ይቅርባችሁ፤ በብየዳ የተቀጠለ መያዣ በንዝረት ይሰነጠቃል። እናታችሁን በጎን አስቀምጣችሁ ቅዳሴ የምታደርሱ ከሆነ ደግሞ ነጠላቸው የጋለ ብረት እንዳይነካ መከላከያ ቆርቆሮ ያለውን ምረጡ።

ዝገት ሲነሳ ሰው ጣናን ይከሳል። ጣና ግን ጨው የለውም። ዋናው ጠላት የሚመጣው ከራሱ ከቤንዚኑ ነው፤ አንድ ሊትር ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ከገበያ እስከ ቤት ብቻ የሚነዳ ሞተር ማርሚታው በደንብ ሳይግል ይጠፋል፣ ውሃውም ውስጥ ይቀራል። ከቻላችሁ ስቴንለስ ግዙ። ካልቻላችሁ አልፎ አልፎ እስከ ጢስ ዓባይ ንዱት፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በደንብ ያደርቀዋል። አንዳንዱ ማርሚታ ከሥሩ ያለው ትንሽ ቀዳዳ የውሃ መውጫ ነው። ተበሳ ብለው በብየዳ የሚደፍኑት አሉ!

መግጠሙ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የዛገ ዳዶ በጉልበት አትፍቱ፣ ከነቡሎኑ ይቆረጣል፤ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት። ጓርኒሲዮኑን፣ ጭስ እንዳያፈስ መጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ በአዲስ ቀይሩ። ሁሉንም አላልታችሁ ካስገባችሁ በኋላ በሞተሩ ራስ በኩል ያሉትን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ መያዣውን መጨረሻ። ከማስነሳታችሁ በፊት የጣት አሻራውን ጥረጉ፤ ሲግል እዚያው ተቃጥሎ ይቀራል። ጋዝ ስትቀንሱ ጧ ጧ ካለ መጋጠሚያው አየር እየሳበ ይሆናል።

ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ጭስ በቀላሉ የሚያስወጣ ማርሚታ ደግሞ በተቃራኒው ነዳጁን ያሳሳል። ስለዚህ መካኒኩ ካርቡራተር ካልነካሁ ቢላችሁ አትቸኩሉ። ሳምንት ነድታችሁ ካንዴላውን፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ አውጡ። ቡናማ ከሆነ ተዉት። ከነጣ ነዳጅ አንሶታል፣ ጥላሸት ከያዘ በዝቶበታል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ግን የዓባይ በረሃ አየር ወፍራም ስለሆነ ነዳጁ ይሳሳል፤ እዚያ ጋዝ አታብዙ።

ከድምፁ ጋር መኖሩ ይከብዳል። የመጀመሪያው ማርሚታዬ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ በሦስተኛው ቀን በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ ባጃጅ እንኳ እንዲህ አይጮህ» አሉኝ። ሕፃን እያስተኙ ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ከሰፈሩ መታጠፊያ ጀምሬ አጥፍቼ እየገፋሁ ነበር የምገባው። በመጨረሻ ድምፅ ማፈኛ አስገባሁበት። የመስታወት ጥጥ ያለው ከሆነ ጥጡ እየተቃጠለ ስለሚያልቅ ድምፁ ሲሻክር ቀይሩት። የፋብሪካውን ማርሚታ ደግሞ እንዳትሸጡት፤ እኔ ሸጬው በእጥፍ ነው የገዛሁት።