ቦታችሁ ላይ ቋጥኝ ቢገጥማችሁ፦ የድማሚት ፈቃድ እንዴት ይጣራል?

ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የቤት መሠረት ሳስቆፍር ሚኒባስ የሚያክል ቋጥኝ ወጣብኝ። ዲጂኖ ሲያርፍበት እሳት ይተፋል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ያየው ሁሉ "ድማሚት ነው መላው" አለኝ። እኔም አመንኩ።

መጀመሪያ ይህን ያዙ። ድማሚት እንደ ሲሚንቶ ገዝተው እቤት የሚያስቀምጡት ዕቃ አይደለም። ያለ ፈቃድ መያዙ ብቻውን ወንጀል ነው። "ከመንገድ ሥራ የተረፈች አለች" የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት። ለአንድ ቋጥኝ ብላችሁም ራሳችሁ ፈቃድ ለማውጣት አትንከራተቱ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈልጉ።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ወረቀት ያሳያችኋል። እኔን ያሳየኝ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ማኅተሙን ብቻ አይቼ ቀብድ ሰጠሁት። ማታ ጎረቤቴ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና "ልጄ፣ ይኼ እኮ ኮምቦልቻ ላለ የድንጋይ ካባ የተሰጠ ነው" አሉኝ። ቀኑም አልፎበታል። ቀብዱ በዚያው ቀለጠ።

ስለዚህ ዋናውን አምጣ በሉት። ከዚያ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ፦ በማን ስም ነው? ለየትኛው ቦታ? ለምን ያህል መጠን? እስከ መቼ? ቁጥሩን ያዙና ፖሊስ ጋ ሂዱ፤ ፈቃዱ እናንተ ግቢ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ሰውየው "ፖሊስን ምን አመጣው?" ካላችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። የቀረውን፣ ጎረቤት ማስወጣቱንም ጭምር፣ ባለሙያው ያውቅበታል።

የእኔ ቋጥኝ ግን ያለ ድማሚት ነው የወጣው። የጋሼ ግድግዳ 5 ሜትር እንኳ አይርቅም፤ በኋላ ሳስበው ድማሚቱን ማሰቤም እብደት ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ከኮምቦልቻ አንድ ድንጋይ ፈላጭ ይዤ መጣሁ። "አብሽር" አለኝ። ኮምፕረሰር ተከራየን። በአንድ መስመር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በሳው። በየቀዳዳው ሁለት ቀጭን ብረት ከተተ፣ በመሃላቸው ሽብልቅ ሰካ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር እያንዳንዱን አንድ አንዴ መታ ያደርግና ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። እኔ ቸኩዬ አንዱን ብቻ ስደበድብ መዶሻውን ከእጄ ቀማኝ። ድንጋዩ ጊዜ ይፈልጋል አለ። በሦስተኛው ሻይ ላይ ጠረቅ አለ፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ቀዳዳዎቹን ሁሉ አገናኛቸው።

የዓይን መከላከያ መነጽር እንዳትረሱ። ፍልጡን ድንጋይ አትጣሉት፤ የእኔ አጥር የቆመው በእሱ ነው።